የሕክምና ትምህርት ዕውቅና፦ ተማሪው የእኛ፣ ሆስፒታሉ የሌላ ሲሆን በራስ ግምገማው ላይ ምን ይጻፍ?

ሀረጎ ማዶ፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

የደሴ ነዋሪ ነኝ፤ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የሕክምና ትምህርት ክፍል ውስጥ በጥራት ማረጋገጫ ሥራ ላይ ከተመደብኩ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ለውጭ ገምጋሚዎች የሚቀርበውን የራስ ግምገማ ሰነድ የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በእኔና በሁለት ባልደረቦቼ ላይ ወድቋል። ስለ ተልዕኮ፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርት፣ ስለ ተማሪዎች ቅበላና ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚናገሩትን ምዕራፎች በሦስት ሳምንት ጨረስናቸው፤ ወረቀቱ በእጃችን ስለሆነ የተጠየቀውን ሁሉ ከመዝገብ ቤት አውጥተን አያያዝን። የቆምነው የክሊኒክ ልምምዱ ምዕራፍ ላይ ነው።

በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሉ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስም ኮሌጁና ሆስፒታሉ በአንድ አመራር ሥር ናቸው። በእኛ አካባቢ ግን ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ለክልሉ ጤና ቢሮ ተጠሪ ነው። ተማሪዎቻችን ከሲ-ዋን፣ ማለትም ከመጀመሪያው የክሊኒክ ዓመት፣ ጀምሮ እስከ ኢንተርንሺፕ ድረስ የሚውሉት በሌላ መሥሪያ ቤት ዋርድ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ደመወዝተኞች እጅ ነው ማለት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የመግባቢያ ሰነድ ሁለት ገጽ ነው፤ ተማሪን በሚመለከት የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ሲሆን እሱም «ሆስፒታሉ ለልምምድ የሚላኩ ተማሪዎችን ይቀበላል» ይላል። ስንት ተማሪ፣ በማን ኃላፊነት፣ በምን ያህል አልጋ ላይ፣ ውጤቱን ማን ይሰጣል የሚለው የለበትም።

የሰነዱ ቅጽ ደግሞ የሚጠይቀው በትክክል ይህንኑ ነው። አለቃዬ «በቂ የልምምድ ቦታ አለ ብለህ እለፈው» ብለውኛል። ውሸት አይደለም፤ ግን እውነቱም ይህ ብቻ አይደለም። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?


የቀድሞ ኦዲተር፦

ወንድሜ ሀረጎ ማዶ፣ ጥያቄዎን በደንብ ስላስቀመጡት መልሱም ይቀላል። የዛሬው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ገና የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ለበርካታ ዓመታት በውጭ ጥራት ኦዲት ቡድን ውስጥ ተሳትፌያለሁ። ከዚያ ልምድ ተነሥቼ የምነግርዎ፣ ገምጋሚው ሆስፒታሉ የማን ንብረት እንደሆነ ለማወቅ እንደማይመጣ ነው። የሚመጣው በታካሚው አልጋ ዙሪያ ስለሚሆነው ነገር ኮሌጁ ሥልጣን አለው ወይስ የለውም የሚለውን ለማየት ነው። ባለቤትነትና ሥልጣን የተለያዩ ናቸው፤ ሆስፒታል ኖሮት ዋርዱን የማያዝ ኮሌጅ አይቻለሁ፤ አንድም አልጋ ሳይኖረው በጥሩ ውል ሁሉን የሚከታተልም አይቻለሁ።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። አብርሃም ፍሌክስነር የሚባለው፣ ራሱ ሐኪም ያልነበረ ሰው፣ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው ዘገባ አጥብቆ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በማስታወቂያቸው ላይ የከተማውን ሆስፒታል እንደ ራሳቸው ይጠሩታል፤ ሲጠየቁ ግን በዋርዱ ውስጥ ምንም ድምፅ የላቸውም፤ ተማሪው በእንግድነት ገብቶ በእንግድነት ይወጣል። ፍሌክስነር በግል ታሪኩ የሚያወጋት አንዲት ነገርም አለች። ዴ ሞይን በምትባል ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ሲጎበኝ በየበሩ «አናቶሚ»፣ «ፊዚዮሎጂ» የሚል ጽሑፍ ያያል፤ በሮቹ ግን ሁሉ ተቆልፈዋል፤ ቁልፍ ያዡም የለም ይሉታል። ዲኑ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝተውት ሲመለሱ እሱም ተመልሶ ይመጣና ለጽዳት ሠራተኛው አምስት ዶላር ሰጥቶ ያስከፍታቸዋል። በየክፍሉ ያገኘው ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሰሌዳና ወንበር ብቻ ነበር።

ይህን የማነሣው ለጨዋታ አይደለም። እኔም በአንድ ወቅት፣ ከወሎ ውጭ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ፣ የክህሎት ላቦራቶሪውን ለማየት ጠይቄ ቁልፉን ሦስት ሰው አርባ ደቂቃ ፈልጎታል። ሰነዳቸው ላይ ግን «ተማሪዎች በየሳምንቱ ይለማመዱበታል» ይል ነበር። ቁልፉ ከመገኘቱ በፊት ፍርዴን ጨርሼ ነበር። እናም ምክሬ አጭር ነው፦ «በቂ የልምምድ ቦታ አለ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አይጻፉ። የሆነውን ይጻፉ፣ የጎደለውን ይጻፉ፣ ጉድለቱን ለመሙላት ማን በምን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ይጻፉ። ራስ ግምገማ ተብሎ የተሰየመው ለዚህ ነው፤ ማመልከቻ ቢሆን ኖሮ ማመልከቻ ይባል ነበር።


ቦርከና ዳር፦

ከኮምቦልቻ ነኝ፤ በአንድ የግል የጤና ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ እሠራለሁ። እኛ ነርሶችንና አዋላጆችን እንጂ ሐኪሞችን አናሠለጥንም፤ ነገር ግን በዚህ በኩል ከእናንተ የቀደምን ይመስለኛል። ምክንያቱም በቀድሞው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ጊዜ የዕውቅና ፈቃድ ሳይዝ ተማሪ መመዝገብ የማይችለው የግሉ ተቋም ነበር፤ የመንግሥቱ በሕግ ተቋቁሞ ኦዲት ይደረግ ነበር እንጂ እንደ እኛ በየፕሮግራሙ በር ላይ አይቆምም ነበር። እኛ ለዓመታት በዚህ ስንጠበስ እናንተ በሩቅ ታዩን ነበር። አሁን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናው ሁላችንንም አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦናል።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። እኛ ተማሪ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ስንልክ በነፍስ ወከፍ እንከፍላለን። ገንዘብ የሚከፈልበት ውል ደግሞ ቁጥር አለው፦ በአንድ ዙር ስንት ተማሪ፣ ለስንት ሳምንት፣ ማን ይከታተላል፣ ጓንትና ጋውን የማን ነው፣ አንድ ተማሪ ንብረት ቢሰብር ማን ይተካል። የእናንተ ሰነድ ሁለት ገጽ የሆነው ሁለቱም ወገን የመንግሥት ስለሆነ፣ «ያው አንድ ቤት ነን» ተባብላችሁ ስለተፈራረማችሁ ነው። የተከፈለበት ውል አምጡ ማለቴ አይደለም፤ የተከፈለበት ውል እንዴት እንደሚጻፍ ግን መኮረጅ ትችላላችሁ።


ዋርድ ሰባት፦

ይህን ክር ስከታተል ቆይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። ስፔሻሊስት ሐኪም ነኝ፤ የሆስፒታል ቅጥር እንጂ የየትኛውም ኮሌጅ መምህር አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኮሌጅ ለገምጋሚዎች ባቀረበው የመምህራን ዝርዝር ውስጥ ስሜን አገኘሁት። ማንም አልጠየቀኝም፣ አልፈረምኩም፣ የደረሰኝም ደብዳቤ የለም። ስሜ ግን እዚያ ነበር፤ የተማሪና የመምህር ጥምርታውን ለማሳመር።

አስተምራለሁ ወይ ከተባለ፣ አዎን አስተምራለሁ፤ ያስተማሩኝ ስላስተማሩኝ። ነገር ግን አንድ ቀን በጠዋት ራውንድ፣ ታካሚዎችን በየአልጋቸው ስንጎበኝ፣ አንዲትን ከገጠር የመጡ እናት በአንድ አልጋ ዙሪያ ሃያ ሰባት ሆነን ከበብናቸው። ከኋላ የቆሙት ተማሪዎች የሚያዩት የፊተኞቹን ጋውን ጀርባ ነው። እናታችንም ዙሪያቸውን አይተው «ይኸ ሁሉ ሰው የመጣው እኔ ልሞት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጥምርታ የሚያወራ ሰነድ ሳነብ የምፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አልጋ አጠገብ፣ ስንት ተማሪ ቆመ? የመምህራን ዝርዝር በተማሪዎች ዝርዝር ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ስለዚያች እናት ምንም አይናገርም።

ለቀድሞው ኦዲተር አንድ ተቃውሞ አለኝ። ጥሩ ውል ቢጻፍ ሁሉ ይስተካከላል ብለው የሚያስቡ ይመስላል። እኔ ግን ውሉን ማን እንደሚፈጽመው እጠይቃለሁ። ሆስፒታሉ እኔን የሚመዝነኝ ባየሁት ታካሚና በሠራሁት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ተማሪ ሳስተምር ያጠፋሁት ሰዓት በሥራ አፈጻጸሜ ውስጥ የለም። ከዚያ በላይ የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። ተማሪውን ስምንት ሳምንት ሙሉ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ውጤቱን የሚሰጠው ግን በዋርዱ ያላየው ሰው ነው። የታካሚውን የሕመም ታሪክ ሳይቀበል ታሪክ የጻፈ፣ ሳይመረምር «ደረቱ ንጹሕ ነው» ያለ ተማሪ ባገኝ፣ ይህ ልጅ አላለፈም ለማለት የምፈርምበት ወረቀት የለኝም።


የቀድሞ ኦዲተር፦

ዶክተር፣ ተቃውሞዎ ተገቢ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ውል ብቻውን አያስተምርም። ነገር ግን ያነሡት የመጨረሻው ነጥብ፣ ማለትም ያየው ሰው ውጤት አለመስጠቱ፣ በውል ብቻ የሚፈታ ነው፤ ምክንያቱም የሥልጣን ጉዳይ ነው። የዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን መስፈርቶችም እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ሲወጡ «ግዴታ» እና «ቢሆን ይመረጣል» ብለው ሁሉን በሁለት እርከን የከፈሉ ሲሆኑ፣ በ2020ው እትም ይህን ትተው በስምንት መስኮች ሥር ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲመልሳቸው የሚጠበቁ ጥያቄዎችን አስቀምጠዋል። ተማሪውን የሚመዝነው ማን ነው፣ ብቃቱስ በምን ይታወቃል የሚለው በዚያ መንፈስ የሚነበብ ነው። «አዎ፣ አለ» የሚል መልስ አይበቃውም፤ እንዴት እንደሚሠራ መተረክ አለበት። ሀረጎ ማዶ፣ የዶክተሩን አንቀጽ እንዳለ ወስደው በምዕራፉ ውስጥ እንደ ድክመት ቢያስቀምጡት ከአርባ ገጽ አባሪ ይሻላል።


ገና ኢንተርን፦

በዚህ መድረክ ታላላቆቼ በሚነጋገሩበት መሐል በመግባቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ማስረጃ እየተነጋገራችሁ ስለሆነ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሎግቡካችን፣ ማለትም በልምምድ ያየነውንና የሠራነውን የምንመዘግብበት ደብተር፣ በየቀኑ መፈረም የነበረበት ቢሆንም፣ በአንዱ የልምምድ ዙር የእኔንና የአሥራ አንድ ጓደኞቼን ሎግቡክ አንድ ሰው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተቀምጦ፣ በአንድ እስክሪብቶ ፈርሞታል። ያየሁትንም ያላየሁትንም ወሊድ ጽፌአለሁ። መጻፍ ነበረብኝ፤ ቁጥሩ ካልሞላ ዙሩን እደግማለሁ፣ ለመሙላት ደግሞ በእያንዳንዷ ወላጅ ዙሪያ አዋላጆቹም እኛም የግል ኮሌጅ ተማሪዎችም እንሻማለን። ገምጋሚዎች መጥተው ሎግቡኮቹን አይተው «ጥሩ ነው» ብለው ሄደዋል ሲባል ሰምቼ ደስታ ሳይሆን እፍረት ነው የተሰማኝ።


የቀድሞ ኦዲተር፦

ልጄ፣ አብሽር፤ እፍረቱ የአንተ ብቻ አይደለም። ገምጋሚ ሎግቡክን ብቻ አይቶ ከሄደ ሥራውን አልሠራም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነበር፦ ከሎግቡኩ አሥር ወሊዶችን ከነቀናቸው እጽፍና ወደ ማዋለጃ ክፍል ሄጄ ከወሊድ መዝገቡ ጋር አስተያያለሁ። ከዚያ የዱቲ ፕሮግራሙን እጠይቃለሁ። ተማሪው ያን ሌሊት ተረኛ ካልነበረ፣ ወይም በመዝገቡ ላይ ያን ቀን ሁለት ወሊድ ብቻ ተመዝግቦ በሎግቡኮቹ ላይ ዘጠኝ ከሆነ፣ ነገሩ አለቀ። ሰነድ አዘጋጆችም ገምጋሚ ከመምጣቱ በፊት ይህንኑ በራሳቸው ላይ ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

አስተውሉ፣ ይህ ልጅ የነገረን ስለ ፊርማ ብቻ አይደለም። የሚጠየቀው የወሊድ ቁጥር ከዋርዱ አቅም በላይ መሆኑንም ነግሮናል። በ2004 ዓ.ም. አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ በአሥራ ሦስት ተቋማት ሲጀመር የአገሪቱ የሐኪም እጥረት እውነት ነበር፤ ተማሪ ሲጨመር ግን አልጋው በዚያው ልክ አልጨመረም። ውሸቱ የተወለደው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።


ሰኞ ገበያ፦

ልጄ የሕክምና ተማሪ ነው። ሰው ሁሉ «ትምህርት ቤቱ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ከሌለው አሜሪካ ሄዶ መፈተን አይችልም» ይለኛል። እናንተ የምታዘጋጁት ሰነድ ከዚህ ጋር ይገናኛል ወይ? ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


የቀድሞ ኦዲተር፦

እህቴ፣ ብዙ ወላጅ የሚጨነቅበት ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳዎ። የውጭ አገር ምሩቃንን የሚመለከተው የአሜሪካው ተቋም፣ ኢሲኤፍኤምጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስታወቀው ከ2023 ጀምሮ የሚያመለክት ሐኪም ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት የተመረቀ መሆን አለበት የሚል ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2024 ተገፋ። ከዚያም ደንቡ ከክልከላነት ወደ መረጃ ሰጪነት ተለወጠ፤ አሁን የትምህርት ቤቱ የዕውቅና ሁኔታ በአመልካቹ ማስረጃ ላይ ይገለጻል እንጂ ዕውቅና ስለሌለው ብቻ በሩ አይዘጋበትም። የልምምድ ቦታ የሚሰጡ ሆስፒታሎች ግን ያን መረጃ አይተው መምረጥ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጉዳዩ ዋጋ ቢስ ሆኗል ማለት አይደለም።

ሁለት ነገሮችም እየተደባለቁ ነው። የዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን ትምህርት ቤቶችን አያጸድቅም፤ ትምህርት ቤቶችን የሚያጸድቁትን የየአገሩን አካላት ነው መርምሮ ዕውቅና የሚሰጠው። እንዲሁም የአንድ ትምህርት ቤት ስም በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ላይ መገኘቱ መኖሩን እንጂ ጥራቱን አይመሰክርም። ማስታወቂያ ላይ «በዓለም አቀፍ ማውጫ የተመዘገበ» የሚል ካዩ፣ የስልክ ማውጫ ላይ ስም ከመገኘት ብዙም አይለይምና በዚያ አይደሰቱ፤ በዚያም አይዘኑ።


ዋርድ ሰባት፦

በዚህ አጋጣሚ ሀረጎ ማዶን አንድ ነገር ልጠይቅ። የ2014 ዓ.ም.ን ነገር በሰነዱ ውስጥ እንዴት አድርጋችሁ አስቀመጣችሁት?


ሀረጎ ማዶ፦

ዶክተር፣ እውነቱን ለመናገር ዘልለነዋል። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የሆስፒታሉ መሣሪያ መዘረፉንና አገልግሎቱ መቋረጡን የማያውቅ የለም፤ ገምጋሚዎችም ያውቁታል ብለን ነው። የዚያ ጊዜ ተማሪዎች አሁን ተመርቀው በሥራ ላይ ናቸው። ብንጽፈው በእነሱ ዲግሪ ላይ ጥርጣሬ እንዳይነሣ ሠጋን።


ዋርድ ሰባት፦

ሥጋቱ ይገባኛል፤ መዝለሉን ግን አልስማማበትም። ባዶ የተተወ ገጽን ሰው በሐሜት ይሞላዋል። በየዋርዱ ጻፉት፦ የትኛው ክፍል መቼ ተዘጋ፣ መቼ ተከፈተ፣ ምን መሣሪያ ሳይኖረው ተከፈተ፣ ያ ዙር ያለፈው ተማሪ ልምምዱን የት፣ ለስንት ሳምንት አካካሰ። ያላካካሰም ካለ እሱንም። ኤክስሬይ በሌለበት ሰሞን በእጅና በጆሮ ብቻ የተማሩት ልጆች በምርመራ ክህሎት ከብዙዎች የተሻሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ በሰነድ ላይ የሚጻፍ አይደለም። ቀኖቹ ግን ይጻፉ።


የቀድሞ ኦዲተር፦

በዚህ ከዶክተሩ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በተጨማሪም የሐኪሞች የሙያ ፈቃድ ምዘና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ሚኒስቴር በኩል ስለሚሰጥ፣ እነዚያ ልጆች ከኮሌጁ ምስክርነት ውጭ በሌላ ሚዛንም አልፈዋል። ይህንኑ ከቀኖቹ ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር ይቻላል።


ሀረጎ ማዶ፦

ከአሥር ቀን በኋላ የተመለስኩት ሥራው ስለያዘኝ ነው፤ ይቅርታችሁን። የ2014ቱን በየዋርዱና በየወሩ አስፍረነዋል። አሥሩን ወሊድ የማስተያየቱን ነገርም በራሳችን ላይ ሞክረን ከአሥሩ በመዝገቡ ላይ ያገኘነው ስድስቱን ነው፤ እሱም ተጽፏል። አለቃዬ ረቂቁን አንብበው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ይህን ከላክን በኋላ ተመልሰን መደበቅ አንችልም» አሉኝ። ከዚያ ግን ፈረሙ።

አሁን የቀረን አዲሱ የመግባቢያ ሰነድ ነው። የግል ኮሌጁን ውል ቅርጽ ተከትለን (ቦርከና ዳር፣ እናመሰግናለን) አሥራ አንድ አንቀጽ አዘጋጅተናል። ስለ ምዘና ያለው እንዲህ ይላል፦ «ተማሪውን በዋርድ የተከታተለው የሆስፒታሉ ስፔሻሊስት ሐኪም ለኮሌጁ በጽሑፍ በሚሰጥ ውክልና መሠረት የክሊኒክ ምዘና ውጤቱን በተመለከተ ይመክራል፤ ለማስተማር የሚያውለው ሰዓትም በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ይያዝለታል።»


ዋርድ ሰባት፦

ከሞላ ጎደል ጥሩ ነው። ሁለት እርማት አለኝ። ውክልናው «ለኮሌጁ» ሳይሆን «ከኮሌጁ» የሚሰጥ መሆን አለበት፤ እንዲህ እንደተጻፈ እኔ ኮሌጁን የምወክለው ሳይሆን ኮሌጁ እኔን የሚወክል ይመስላል። ሁለተኛው «ይመክራል» የምትለዋ ቃል ናት። ሃያ ዓመት ስመክር ኖሬአለሁ። «ይሰጣል» በሏት።


ቦርከና ዳር፦

ቁጥሩስ? በአንድ አልጋ ዙሪያ ስንት ተማሪ ብላችሁ ጻፋችሁ? ቁጥር የሌለው አንቀጽ በእኛ ልምድ ሦስት ወር አይቆይም።


ሀረጎ ማዶ፦

ዶክተር፣ ሁለቱም ተስተካክለዋል፤ «ይሰጣል» ሆኗል። ቁጥሩን በሚመለከት እኛ ስድስት ብለናል፤ ሆስፒታሉ በበኩሉ አልጋውና የተማሪው ብዛት ስለማይመጣጠን ስምንት ይሁን ብሏል። ማክሰኞ ጠዋት ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ጋር ተቀጣጥረናል። በስድስት ለመጽናት ከፈለግን በየዙሩ የምንልከውን ተማሪ መቀነስ ወይም ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ራውንድ መጀመር ይኖርብናል፤ ለሁለተኛው ራውንድ ፈቃደኛ የሆኑ ሐኪሞችን ስም ዝርዝር ደግሞ በዚህ ጊዜ እያንዳንዳቸውን ጠይቀን፣ አስፈርመን ነው ይዘን የምንገባው።